መወርወሪያና ጓጉንቸር፤ ስለ አውቶሞቢል በር አቈላለፍ

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ገጽ ስለ ከሰል ምድጃ ጢስ ጥቂት ቃል ተናግረን፤ ቤተ ሰብን የሚጐዳው ነገር ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ጠላት ሳይሆን፤ ለምቾታችን ብለን በገንዘባችን ገዝተን ያኖርነው ዕቃ መሆኑን አመልክተን ነበር። ዛሬም ከዚያው ሐሳብ ሳንርቅ፤ ልጆቻችንን በየማለዳው ስለምናሳፍርበት ስለ አውቶሞቢል በር፤ ይልቁንም ስለ መቈለፊያው እንናገራለን። «ይህ ደግሞ በጋዜጣ የሚጻፍ ነገር ነውን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛም እስካለፈው ሚያዝያ ወር ድረስ ብንጠየቅ እንደዚሁ ባልን ነበር።

አባቶቻችን ቤት ሠርተው በሩን የሚዘጉበት መሣሪያ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው መወርወሪያ ነው፤ ይህ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ከገባ በኋላ ማታ በውስጥ በኩል የሚወረወር እንጨት ስለ ሆነ፤ በውጭ ያለውን ይከለክላል እንጂ በውስጥ ያለውን አያስርም። እሳት ቢነሣ፤ ወይም በሌሊት የሚታመም ቢኖር፤ በቤት ያለ ሰው ሁሉ አንሥቶት ይወጣል። ሁለተኛው ጓጉንቸር ነው፤ ይህ ባለቤቱ ቤቱን ባዶውን ትቶ ወደ ገበያ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በውጭ በኩል የሚያንጠለጥለው ብረት ነው። እንግዲህ ሰው ባለበት ቤት ላይ ጓጉንቸር የሚያንጠለጥል ሰው ቢገኝ፤ ጐረቤት ሁሉ «ምን ነክቶት ነው?» ብሎ ይነሣበታል። በዛሬው አውቶሞቢል ላይ ግን መወርወሪያውና ጓጉንቸሩ ባንድ አዝራር ተጣምረው ተሠርተዋል። ቤተ ሰብን የሚያስጨንቀው የመቈለፊያ ነገር ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ መወርወሪያ ነው ብለን የጫንነው ጓጉንቸር ሆኖ ይገኛልና።

በሚያዝያ ወር፤ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፤ ለዘመድ ሠርግ ተጠርተን ከነቤተ ሰባችን ወደ አዳማ ወርደን ነበር። አውቶሞቢላችን በጃፓን ተሠርታ በሌላ ሰው እጅ ብዙ ዓመት ካገለገለች በኋላ ወደ እኛ የመጣች ናት። በማግስቱ ለመመለስ ተነሥተን፤ ከቀኑ በስድስት ሰዓት፤ አውቶሞቢሏ ጥላ በሌለበት መንገድ ዳር ቆማ፤ ሰባት ዓመት የሆናት ልጃችንና ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ታናሽ ወንድሟ በኋላ ወንበር ተቀምጠው፤ እኛ ከባለቤታችንና ከአማታችን ጋራ ዕቃ እንጭን ነበር። ሕፃኑ ሙቀቱ ሰልችቶት ቢያለቅስ፤ ማባበያ እንዲሆነው ብለን የአውቶሞቢሏን ቁልፍ ከነሪሞቱ ሰጠነው። ባጃጅ ሲያልፍ እንዳይገጨው ብለን በሩን ዘጋነው። የዕቃ መጫኛውንም ክዳን ዘግተን ዘወር ስንል፤ አራቱም በሮች ባንድነት «ቀጭ» ሲሉ ሰማን።

መጀመሪያ ሣቅን። ሕፃኑም ዐውቆ የሠራው ይመስል በመስተዋቱ ውስጥ ሆኖ ይሥቅልን ነበር። ቀጥሎ ግን ሁለተኛው ቁልፍ በአዲስ አበባ በቤታችን መሳቢያ ውስጥ፤ ከቆምንበት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እንደሚገኝ ትዝ አለን፤ ሣቁም ቆመ። ልጃችንን «በሩን ክፈቺ» ብንላት እጀታውን ሳበች፤ አልከፈተላትም፤ ደግማ ሳበች፤ አልከፈተላትም። የማይከፈትበትን ምክንያት ከእኛ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ በጕዞ ላይ ሳሉ ከፍተው እንዳይወድቁ ብለን የኋላ በሮቹን የሕፃን መቈለፊያ በገዛ እጃችን ዘግተነው ነበርና። መስተዋቱን እንድታወርድ ብንነግራት፤ እርሱንም እጃቸውን እንዳያወጡ ብለን ከመሪው አጠገብ ባለው አዝራር ከልክለነዋል፤ ባንከለክለውም ኖሮ ቁልፉ በሞተሩ መክፈቻ ላይ ስለሌለ መስተዋቱ አይንቀሳቀስም። ስለ ልጆቹ ደኅንነት ያደረግናቸው መልካም ነገሮች ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱ ተባብረው ወኅኒ ቤት ሆኑባቸው።

በዚያን ጊዜ መንገደኛው ተሰበሰበ። አንዱ «ሳቢው!» ይላል፤ ሌላው «ጫኚው!» ይላል፤ ሦስተኛው መስተዋቱን በእጁ ይደበድባል። ሕፃኑ ጩኸቱን ሰምቶ ማልቀስ ጀመረ፤ ቁልፉንም ጣለው፤ ከወንበር በታች ገባ። እኅቱም የሰው ሁሉ ዓይን በእርስዋ ላይ ስለ ሆነ፤ ያጠፋችው ጥፋት ያለ መስሏት እጅዋን ከእጀታው አንሥታ ፊትዋን ሸፈነች። የሁለቱም ፊት ቀልቶ ላቡ ይወርድ ነበር። አንድ ባለ ባጃጅ ወጣት አዝኖ፤ ድንጋይ አንሥቶ፤ የፊተኛውን መስተዋት ሊመታ ተጠጋ።

አማታችን ግን «ቆይ ልጄ፤ አንድ ጊዜ ታገሠኝ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ወጣቱም «እሺ እማማ» ብሎ ቆመ። ሰዉን ሁሉ ዝም አሰኙ። ቀጥለውም ወደ እኛ ዘወር ብለው፤ የፊተኛው በር በውስጥ በኩል በምን እንደሚከፈት በቀስታ ጠየቁን። አንባቢ ሆይ፤ ይህን ስንጽፍ እናፍራለን፤ በየቀኑ የምንወጣበትን በር ለመናገር ጥቂት ማሰብ አስፈለገን። እጃችን ያውቀዋል፤ አፋችን ግን አያውቀውም ነበር። በመጨረሻ በእጀታው አጠገብ አንዲት ትንሽ ምላስ እንዳለች፤ አስቀድሞ እርስዋ ተገፍታ በኋላ እጀታው እንደሚሳብ ነገርናቸው። እርሳቸውም ፊታቸውን ወደ መስተዋቱ አስጠግተው፤ «እናቴ፥ ማንም አይቈጣሽም። ቀበቶሽን ፍቺ። በሁለቱ ወንበሮች መካከል ወደ ፊት እለፊ። አባትሽ ከሚቀመጥበት ተቀመጪ። አሁን ያችን ትንሽ ምላስ ግፊልኝ» እያሉ አንድ አንድ ቃል ብቻ ይነግሯት ነበር። ልጂቱም እንደ ተነገራት አደረገች፤ በሩም ተከፈተ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሩብ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። ለእኛ ግን ከሠርጉ ቀን ይልቅ ረዝሞብናል።

ወደ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ፤ መዝገብ መያዝ ልማዳችን ስለ ሆነ፤ መካኒኮችን እየጠየቅን፤ የአውቶሞቢሏንም መጻሕፍት እያገላበጥን፤ የመቈለፊያውን ነገር በተራ ጻፍነው። ለአንባቢዎቻችን ይጠቅም እንደ ሆነ እነሆ እናቀርበዋለን።

አንደኛው በተለምዶ «ቻይልድ ሎክ» የሚባለው የኋላ በር የሕፃን መቈለፊያ ነው። ይህ በበሩ ጠርዝ ላይ፤ በሩ ሲከፈት ብቻ የምትታይ ትንሽ መዘውር ናት፤ በአንዳንድ አውቶሞቢል በጣት ትገፋለች፤ በሌላው በቁልፍ ጫፍ ትዞራለች። ይህች ከተዘጋች በኋላ በሩ ባይቈለፍ እንኳ የውስጡ እጀታ ሥራውን ያቆማል፤ በሩ የሚከፈተው በውጭ በኩል ብቻ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ በመንገድ ላይ በር ከፍቶ እንዳይወድቅ ስለሚያደርግ እጅግ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን በዚያ ወንበር የሚቀመጥ ሁሉ፤ ሕፃንም ይሁን ሽማግሌ፤ ሌላ ሰው ካልከፈተለት የማይወጣ መሆኑን ማወቅ ይገባል። ሁለቱ በሮች እየራሳቸው መዘውር ስላላቸው፤ በሕፃኑ በኩል ዘግቶ፤ ዐዋቂ በሚቀመጥበት በኩል ከፍቶ መተው ይቻላል። ብዙ ሰው ሁለተኛ እጅ አውቶሞቢል ሲገዛ መዘውሯ ተዘግታ ይሁን ተከፍታ ሳይመለከት ዓመት ይነዳል፤ አንድ ቀን እንግዳ አሳፍሮ እንግዳው አልወጣም ሲል ጊዜ «በሩ ተበላሽቷል» ብሎ ወደ ጋራዥ ይሄዳል።

ሁለተኛው ከነጂው ቦታ ሁሉን በሮች ባንድ ጊዜ የሚቈልፈው ነው። ይህም በከተማችን ያለ ምክንያት አልተወደደም፤ አውቶሞቢል በመብራት ሲቆም በር ከፍቶ ቦርሳና ስልክ የሚነጥቅ እጅ አለና፤ እየቈለፉ መሄድ ብልኅነት ነው። የሚያስቸግረው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በራሱ ሲቈለፍ ነው። አንዳንዱ አውቶሞቢል ጕዞ ሲጀምር ይቈልፋል፤ አንዳንዱ በሪሞት ከተከፈተ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ የሚከፍት ሰው ካላገኘ ተመልሶ ይቈልፋል፤ ሌባን ለመከላከል በኋላ በጋራዥ የተገጠመውም የማስጠንቀቂያ ጩኸት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። አንድ ጐረቤታችን ማታ ከሥራ ሲመለስ፤ የግቢውን በር ለመክፈት ሞተሩን ሳያጠፋ ይወርዳል፤ የአውቶሞቢሉንም በር ከኋላው ይዘጋል። የግቢውን በር ከፍቶ ሲመለስ አውቶሞቢሉ ተቈልፎ፤ ሞተሩ እየሠራ፤ መብራቱ እየበራ ቆየው። መለዋወጫ ቁልፉ ከባለቤቱ ጋራ ነበር፤ ባለቤቱም ከከተማው ማዶ በልቅሶ ቤት ነበረች። እርስዋ እስክትመጣ ድረስ ከዘበኛው ጋራ ቆሞ የገዛ ቤንዚኑን መቃጠል ይመለከት ነበር። ይህ ሣቅ ነው፤ ነገር ግን በዚያች አውቶሞቢል ውስጥ የተኛ ሕፃን ቢኖር ሣቅ ባልሆነም። ስለዚህ የግቢን በር ለመክፈት የሚወርድ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ይያዝ፤ ቢያንስ የነጂውን መስተዋት አውርዶ ይውረድ።

ሦስተኛው በአንዳንድ አውቶሞቢል፤ ይልቁንም በአውሮፓ በተሠሩት ላይ የሚገኝ ነው። ይህም ሪሞቱ ሁለት ጊዜ ሲጫን፤ ወይም ቁልፉ በበሩ ላይ ሁለት ጊዜ ሲዞር፤ የውስጡን እጀታዎች ሁሉ ከሥራ ያወጣል። ሌባ መስተዋት ሰብሮ እጁን ቢያስገባ በሩን እንዳይከፍት የታሰበ ነው። ይህ ያለ ጥርጥር ጓጉንቸር ነው። ውስጥ የቀረ ሰው ዐዋቂም ቢሆን፤ ኃይል ያለውም ቢሆን፤ በእጀታው ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ ባዶ ለሆነ አውቶሞቢል ብቻ የተፈቀደ ነው እንጂ፤ «ለአምስት ደቂቃ ነው፤ እናቴ ትንሽ ትተኛ» ተብሎ በሰው ላይ የሚዘጋ አይደለም።

አራተኛው ሪሞቱ ራሱ ነው። በውስጡ ያለችው ሳንቲም የምትመስል ባትሪ ስትደክም፤ ሰው በሩ አጠገብ ቆሞ አዝራሩን ደጋግሞ እየጫነ ይበሳጫል። ብዙዎች የማያውቁት ነገር ግን ከቁልፍ ይልቅ ሣጥን በሚመስለው ሪሞት ውስጥ ብዙ ጊዜ ቀጭን የብረት ቁልፍ ተሰውሮ እንደሚገኝ ነው፤ ትንሽ መያዣውን ገፋ አድርገው ሲስቡት ይወጣል። የሚገባበትም ቀዳዳ በነጂው በር እጀታ ላይ ነው፤ በአንዳንዱ በክዳን ተሸፍኖ ይገኛል። ይህን በጨለማና በዝናብ ቀን ከመፈለግ በጸጥታ ቀን ፈልጎ ማግኘት ይሻላል።

አሁን ደግሞ «አሥራ አምስት ደቂቃ ምን ያደርጋል?» ለሚሉ ሰዎች መልስ እንሰጣለን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓመት በአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት፤ በፀሐይ ላይ የቆመ አውቶሞቢል ውስጡ በአንድ ሰዓት በአማካይ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እንደሚጨምር፤ ከዚህም ጭማሪ ከመቶ 80 እጁ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደሚሆን ገልጿል። የውጭው አየር 22 ዲግሪ ብቻ በሆነበት ቀን እንኳ የውስጡ ሙቀት እስከ 47 ዲግሪ ደርሷል። 22 ዲግሪ ማለት የአዲስ አበባ መልካም ቀን ነው። ስለዚህ «አገራችን ደጋ ናት» ብሎ መታመን አይገባም። መስተዋቱን ጥቂት ዝቅ አድርጎ መተውም እምብዛም እንደማይረዳ በዚያው ጥናት ታይቷል። የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከዐዋቂ ሰውነት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ፈጥኖ ይግላል። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1998 ዓመት ወዲህ በየዓመቱ በአማካይ 37 ያህል ሕፃናት በቆመ አውቶሞቢል ውስጥ በሙቀት ይሞታሉ። ከእነርሱም እኩሌታ ያህሉ በወላጅ ወይም በአሳዳጊ የተረሱ ናቸው፤ ሩቡ ያህል ግን ማንም ሳያያቸው ራሳቸው ገብተው መውጣት ያቃታቸው ናቸው።

ይህ የመጨረሻው ቃል ስለ ኋላ ዕቃ መጫኛ እንድንናገር ያስገድደናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓመት በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ጃኔት ፌኔል የምትባል ሴት ከባሏ ጋራ ወደ ቤቷ ስትገባ፤ የጦር መሣሪያ የያዙ ወንበዶች ሁለቱንም በዕቃ መጫኛው ውስጥ ቈልፈው አውቶሞቢሉን ነድተው ወሰዷቸው። ሕፃን ልጃቸውን ወንበዶቹ በደጅ ትተውት ስለ ነበረ በሕይወት ተገኘ። ባልና ሚስቱም በጨለማ ሽቦውን እየዳበሱ መክፈቻውን አግኝተው ወጡ። ይህች ሴት ከዚያ በኋላ «በውስጥ የተዘጋበት ሰው የሚከፍትበት መሣሪያ ለምን አይኖርም?» እያለች መንግሥትንና ሠሪዎችን መጠየቅ አላቋረጠችም። በ1998 ዓመት በበጋቸው ወራት በሦስት ልዩ ልዩ አደጋዎች አሥራ አንድ ሕፃናት ሲጫወቱ በዕቃ መጫኛ ውስጥ ገብተው ክዳኑ ተዘግቶባቸው ሞቱ። ከዚህ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2001 ጀምሮ በሚሠራ የዕቃ መጫኛ ባለው አውቶሞቢል ሁሉ ላይ በውስጥ የሚከፈትበት መሣሪያ እንዲኖር አዘዘ። ይህም በጨለማ የሚያበራ ትንሽ መሳቢያ ነው። ትእዛዙ የአሜሪካ ስለ ሆነ ግን ለሌላ አገር ገበያ የተሠሩት ላይኖራቸው ይችላል። አንባቢያችን የራሱን አውቶሞቢል ክዳን ከፍቶ ይመልከት፤ ካለ ለልጁ ያሳየው፤ ከሌለ ልጅ ወደዚያ እንዳይቀርብ ያድርግ።

ስለ አዲሶቹ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎችም አንድ ቃል ሳንጨምር አናልፍም። መንግሥታችን በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ከገለጸ ወዲህ፤ እነዚህ በየመንገዱ በዝተዋል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ የበራቸው እጀታ ከብረቱ ጋራ ተስተካክሎ የተሰወረ ነው፤ በውስጥም በኩል በአዝራር የሚከፈቱ አሉ። አዝራሩ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነውና፤ በግጭት ወይም በባትሪ መድከም ኃይሉ ሲቋረጥ ላይታዘዝ ይችላል። ለዚህ ጊዜ ተብሎ በሽቦ የሚሳብ ሌላ መክፈቻ ይደረጋል፤ ነገር ግን በአንዳንዱ ከበሩ ኪስ ምንጣፍ በታች ተሸሽጎ ስለሚገኝ፤ ያልተነገረው ሰው በችግር ጊዜ አያገኘውም። የቻይና መንግሥት ይህን አይቶ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2027 ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ በአዲስ ዓይነት አውቶሞቢሎች በር ላይ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ መክፈቻ በውስጥም በውጭም እንዲኖር ወስኗል። ዛሬ በእጃችን ያሉት ግን ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው። ገዢው ዋጋውን ከመክፈሉ አስቀድሞ ሻጩን «ኤሌክትሪኩ ቢጠፋ ከኋላ ወንበር በምን እወጣለሁ?» ብሎ ይጠይቅ፤ እርሱም በእጁ ከፍቶ እስኪያሳየው ድረስ አይመን።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ በቤታችን ያቆምነው ሥርዓት ጥቂት ነው። ቁልፍ ለልጅ መጫወቻ አይሰጥም። የመጨረሻው በር የሚዘጋው ቁልፉ በዐዋቂ እጅ መኖሩ ሲታይ ብቻ ነው። ሩቅ መንገድ ሲኬድ ሁለተኛው ቁልፍ በባለቤታችን ቦርሳ ይሄዳል እንጂ በመሳቢያ አይቀርም። አውቶሞቢሏ በግቢ ባዶዋን ስትቆም ግን ሁልጊዜ ትቈለፋለች፤ ጓጉንቸር ቦታው ይህ ነውና፤ ልጆች ለድብብቆሽ እንዳይገቡባት። ልጅ ጠፋ በተባለ ጊዜም ወደ ጐረቤት ከመሮጥ በፊት አስቀድሞ አውቶሞቢሏና ዕቃ መጫኛዋ ተከፍተው ይታያሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሕፃን ቢቈለፍበትና የሚከፍትበት መንገድ ቢጠፋ፤ በተለይም ሕፃኑ ቢዝል ወይም ድምፁ ቢጠፋ፤ ለመስተዋት ዋጋ ማሰብ አይገባም። ሆኖም የፊተኛው መስተዋት ሁለት ድርብ ሆኖ በመካከሉ ሙጫ ስላለበት ይሰነጠቃል እንጂ አይወድቅም። የጐን መስተዋት ግን በአብዛኛው ሲመታ ወደ ጥቃቅን ፍርፋሪ ይለወጣል። ስለዚህ ከሕፃኑ ርቆ ያለው የጐን መስተዋት ተመርጦ፤ መካከሉ ሳይሆን ማዕዘኑ፤ ጫፉ በሾለ ጠንካራ ብረት ይመታል። ያ ርኅሩኅ ባለ ባጃጅ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ወደ ፊተኛው ባልሄደም፤ እኛም ብናውቅ ኖሮ በነገርነው ነበር።

ከሥርዓቱ ሁሉ የሚበልጠው ግን ልጆችን መውጫውን ማስተማር ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤ አውቶሞቢሏ በጥላ ቆማ፤ በሮቿን ቈልፈን፤ እኛም አብረን ከውስጥ ተቀምጠን፤ ልጃችን ከኋላ ወደ ፊት እየተሻገረች ምላሷን ገፍታ እጀታውን መሳብን፤ የመሪውንም ጡሩምባ ደጋግሞ መጫንን ተለማመደች። ጡሩምባው በብዙ አውቶሞቢል ሞተሩ ጠፍቶም ይጮኻል፤ መውጣት ያቃተው ልጅ በእርሱ ሰው ይጠራል። ትንሹም ልጅ ሲያድግ ይህንኑ ይማራል። ሽማግሌዎችንም መዘንጋት አይገባም፤ አማታችን ከልጂቱ ቀጥለው ተራቸውን ጠብቀው ተለማምደዋል።

ይህን ልምምድ የጀመርንበትን ምክንያት ተናግረን እናብቃ። ከአዳማ በተመለስን በሦስተኛው ሌሊት ልጃችን ከመኝታዋ ተነሥታ መጣችና፤ «አባባ፥ በሩን ያልከፈትኩት እኔ አጥፍቼ ነውን?» ብላ ጠየቀችን። ሦስት ቀን ሙሉ ይህን በልቧ ይዛ ኖራለች። እኛም፤ «የለም ልጄ፤ ያጠፋን እኛ ነን፤ በሩን መዝጋት ዐውቀን መክፈቻውን ሳናስተምርሽ ቀርተናል» ብለን መለስንላት። እርስዋ ተመልሳ ተኛች፤ እኛ ግን እስኪነጋ ድረስ እንቅልፍ አልወሰደንም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፤ እኛ የጮኽነው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን በደኅና አለፈ። አንባቢያችን ግን ከማለፉ በፊት ይህን ጋዜጣ አስቀምጦ፤ ልጁን በእጁ ይዞ፤ ወደ ደጁ ወጥቶ፤ በአውቶሞቢሉ የኋላ ወንበር ላይ አብሮት ይቀመጥና «ከዚህ እንዴት እንወጣለን?» ብሎ ይጠይቀው። ልጁ መልስ ካለው መወርወሪያ ነው፤ መልስ ከሌለው ጓጉንቸር ነው።

በሚመጣው ሳምንት፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፤ በቤት ውስጥ መድኃኒት ስለሚቀመጥበት ስፍራ እንነጋገራለን። እስከዚያው የልጆቻችሁን መውጣትና መግባት ይጠብቅላችሁ።